ከበሩ እስከ መኪናው ስንት እርምጃ ነው? ጎንደር ላይ ቤት ለሚቀይር ሰው የአስተሳሰርና የአጫጫን ምርጫ

በ12 ዓመት ውስጥ ጎንደር ላይ አራት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነው፦ «መኪናው በስንት ይሄዳል?» በአራተኛው ጊዜ ግን ስለ መኪና ከማንም ጋር ሳልነጋገር ወጥቼ እርምጃዬን ቆጠርሁ። ከአሮጌው ቤት በር እስከ መኪና መቆሚያው 140 እርምጃ፣ አዲሱ ቤት ጋ ደግሞ ከመኪና መቆሚያው እስከ በሩ 15። ካርቶን ይሻላል ወይስ ማዳበሪያ፣ አይሱዙ ወይስ ባጃጅ፣ ቁም ሣጥኑ ይፈታ ወይስ እንዳለ ይውጣ የሚለው ክርክር ሁሉ ያለቀው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

እዚህ ከተማ እርምጃ የሚቆጠርበት ምክንያት አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ተዳፋት የበዛባት ከተማ ናት። ፒያሳ ዙሪያ ወይም አዘዞ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው አይሱዙውን ደጁ ላይ ያስቆማል። ወደ ወንዞቹ ቁልቁል በሚወርዱትና ዳገት ላይ በተንጠለጠሉት ሰፈሮች ግን ንጣፉ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይ፣ ቦይና ጠባብ መተላለፊያ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ ከመቀመጣቸው በፊት የነገሥታቱ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ነበርና ጓዝ በበቅሎ ይጫን ነበር። ዛሬም መጨረሻዎቹን እርምጃዎች ጓዛችን የሚሄደው በሰው ጀርባ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ ይቁጠሩ። ከ30 እርምጃ በታች ከሆነ እንደፈለጉ ይምረጡ። ከ50 በላይ ከሆነ፣ በተለይ ደረጃ ወይም ዳገት ካለበት፣ ምርጫዎ ይጠባል።

ማዳበሪያ ወይስ ካርቶን?

ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያ ሥራው ነው። 50 ኪሎ ማዳበሪያ ይዞ ገበሬው ደጅ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ጓዝ ሲሸከም ይኖራል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይቀደድም፣ ለጀርባም ይመቻል። ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ጫማ፣ የፕላስቲክ ዕቃ በማዳበሪያ ይሂድ። እርምጃው ሲበዛ ደግሞ ከካርቶን የሚበልጥበት ሌላ ምክንያት ይመጣል። ካርቶን ሁለት እጅ ይይዛል፣ ከፊት ሆኖም የተሸካሚውን እግር ይጋርዳል። እግሩን የማያይ ሰው እርጥብ ድንጋይ ላይ ምን እንደሚያገኘው መናገር አያስፈልግም። ማዳበሪያ ግን ጀርባ ላይ ይወጣና አንድ እጅ ለግድግዳው ያስተርፋል።

ሲያስሩት እስከ አፉ አይሙሉት። ሲሶው ባዶ ከቀረ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ሲባጎው ይይዛል፣ ተሸካሚውም የሚጨብጠው ያገኛል። እስከ አፉ የተጠቀጠቀ ማዳበሪያ መያዣ የሌለው ድንጋይ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ማዳበሪያ የነበረበትን ከረጢት ለእህልና ለዱቄት አይጠቀሙበት፤ ለልብስም ቢሆን አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ለጤፍና ለሽሮ እህል ወይም ስኳር የነበረበትን ይፈልጉ።

የማዳበሪያ ትልቁ ጥፋት ሁሉም አንድ መምሰሉ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስንዛወር 19 ማዳበሪያ አሥሬ ነበር። ማታ ልጄ እንቅልፉ መጥቶ ሲያለቅስ የሌሊት ልብሱን ያገኘሁት 11ኛው ውስጥ ነው፤ ያውም አሥሩን ወለሉ ላይ ዘርግፌ። ከዚያ ወዲህ የማስርበት ክር ቀለም አለው፤ ቀይ የማዕድ ቤት፣ ሰማያዊ የመኝታ ቤት፣ ነጭ የሳሎን። ከረጢቱ ላይ በማርከር መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ጽሑፉ ሁልጊዜ ከታች በኩል ሆኖ ይገኛል። ክሩ ግን ከየትም በኩል ይታያል።

ካርቶን ቦታው ሌላ ነው። ጥግ ያለውና ቅርጹን መጠበቅ ያለበት ነገር፣ ማለትም መጽሐፍ፣ ሳህን፣ መድኃኒት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ሰነድ በካርቶን ይሂድ። ከባለ ሱቅ የዘይት ወይም የሳሙና ካርቶን ይለምኑ፤ ለከባድ ዕቃ የተሠራ ስለሆነ ወፍራም ነው። የብስኩት ካርቶን ትልቅና ንጹሕ ቢሆንም ብስኩት እንጂ ሌላ አይችልም። የታችኛውን ክዳን እርስ በርሱ አቆላልፎ ብቻ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ወለሉ ላይ ሳለ ጠንካራ ይመስላል፣ መሐል መንገድ ላይ ግን ሆዱ ይከፈታል። ሰፊ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ ይለጥፉበት።

የመጽሐፍ ካርቶን ትንሽ ይሁን። አስተማሪ ስለሆንሁ ይህን በጀርባዬ ተምሬዋለሁ። ርዝመቱ 40፣ ወርዱና ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን መጽሐፍ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ይበልጣል፤ ከዚያ የሚተልቅ ካርቶን ሞልቶ ተሸካሚ መጥራት ሰውየውን መበደል ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ ለመጽሐፍ ደህና ነው የሚል ምክር ይሰማል፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ እውነት ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን ጎማው ከመጽሐፉ በፊት ያልቃል። እርምጃዎ ብዙ ከሆነ ሻንጣውን ለልብስ ይተዉት።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ አያስበውም እንጂ ለብርጭቆ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ባለ 24 ቀዳዳ የቢራ ሳጥን። ዳሽን ቢራ የሚጠመቅበት ከተማ ውስጥ ባዶ ሳጥን አይታጣም፤ ከሰፈር ግሮሰሪ መያዣ ከፍሎ ለሁለት ቀን መዋስ ይቻላል። እያንዳንዱ ብርጭቆ በጨርቅ ተጠቅልሎ በየክፍሉ ይገባል፣ ሲኒም ሁለት ሁለት እየሆነ ይቀመጣል፣ የዘይትና የማር ጠርሙስም ሳይወድቅ ቆሞ ይሄዳል። መያዣ እጀታ ስላለው ከካርቶን ይልቅ ለዳገት ይመቻል።

በርበሬን በተመለከተ አጭር ነገር ልናገር። በሁለት ፌስታል አሥረው ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያስገቡት፤ ባልዲውም ከልብስ ይራቅ። አንድ ጊዜ የፈሰሰ በርበሬ ለሁለት ወር ከትራስ ሥር ያስነጥሳል።

ሸክላው

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሚሰበረውም፣ የሚቆጨውም፣ ገንዘብ ተከፍሎበት እንኳ ልኩ የማይገኘውም ይኸው ነውና።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ምጣዴን ሰበርሁ። ያደረግሁት ነገር በጊዜው ብልህነት ይመስለኝ ነበር፤ ሁለት ፍራሽ መሐል አጋደምሁት። ፍራሽ ለስላሳ ነው፣ ምን ይነካዋል ብዬ። መኪናው ሲነሳ ከጫኞቹ አንዱ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ቅዳሜ ገበያ ሌላ ልገዛ ሄጄ ለሻጯ ታሪኩን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እህቴ፣ ምጣድ ቆሞ ይሄዳል እንጂ ተኝቶ ይሄዳል?» አለችና የራሷን አሳየችኝ። ሁሉም በጠርዛቸው ቆመው፣ በመካከላቸው ጭድ ተጠቅጥቆ፣ እንደ መጽሐፍ ተደርድረው ነበር።

ነገሩ ለሳህንም ይሠራል። ተኝቶ የተደራረበ ሳህን ላይ መኪናው በነጠረ ቁጥር የላይኛው ክብደት ሁሉ የታችኛው ላይ ያርፋል፤ የቆመ ሳህን ግን የሚሸከመው ራሱን ብቻ ነው። አክንባሎ ካለዎት ከምጣዱ ለይተው ለብቻው ያቁሙት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን የተለየ ነው። የሚያሞቀው ሽቦ ከሸክላው ሥር ስለተዘረጋ፣ ሸክላው ትንሽ ቢሰነጠቅ እንኳ ሽቦው ሊነካ ይችላል። ክዳኑን በገመድ ያስሩ፣ ከእግሮቹ ጋር ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ምንም ነገር አይጫንበት። ከተቻለ ጋቢናው ውስጥ ይግባ።

መሙያው በምን ይሁን? ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ። ጭድ ከሁሉም የተሻለ ትራስ ነው፤ ሸክላ ሻጮች የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ክፋቱ አዲሱ ቤት ውስጥ ለሳምንት መጥረግዎ ነው፤ እርጥብ ከሆነም ይሻግታል። ወረቀት ለሳህንና ለብርጭቆ ይበልጣል፣ ጋዜጣ ግን አሁን ራሱ ብርቅ ሆኗል። እኔ የተማሪዎቼን የድሮ የፈተና ወረቀት እጠቀማለሁ፤ ስሙ ያለበትን ጫፍ ቀድጄ። ልብስ ሦስተኛው ነው። አይገዛም፣ የሚሄደውም ያው አብሮ ነው፤ እርምጃውና ዕቃው ጥቂት ለሆነ ሰው ሌላ አያስፈልገውም። ነገር ግን ካልሲዎ ከሳህን መሐል፣ ሹራብዎ ከብርጭቆ ሳጥን ሲወጣ የመኝታ ቤቱ ክር ሰማያዊ መሆኑ ትርጉም ያጣል። እኔ ብመርጥ ለሸክላ ጭድ፣ ለሳህን ወረቀት እላለሁ፤ ልብስን ለጀበና ብቻ።

ጀበናው እንዲህ ነው የሚታሰረው። ከሁለት ቀን በፊት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ የቡና ቅሪት እርጥበት ይዞ ከተጠቀለለ ሽታው ይለወጣል። ክዳኑ ይነሳና ለብቻው በወረቀት ይጠቀለላል። ቀጥሎ አሮጌ ነጠላ በቁመቱ ይተለተልና አንገቱ ላይ እንደ ቁስል ማሰሪያ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል፤ አንገቱ እንደ ሆዱ እስኪወፍር ድረስ። ብዙ ሰው ሆዱን ይጠቀልላል። ሆዱ ግን ራሱን ይችላል፤ የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ነው። በመጨረሻ ታችኛው ላይ ጭድ በተነጠፈበት ባልዲ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዳር ዳሩ በፎጣ ይሞላል። ባልዲውን ሰው በእጁ ይይዘዋል። በእኛ ቤት የሚይዘው ልጄ ነው፤ ሥራ ሰጥተነዋልና መንገድ ላይ አያስቸግርም።

መሶቡ ደግሞ ቀላል ሆኖ ሳለ ይጨፈለቃል። ውስጡ ትራስና ነጠላ ይግባበት፣ ከላይ በላስቲክ ይሸፈን፣ ጭነቱ ሁሉ አልቆ ከላይ ይቀመጥ። ሙቀጫ አጠገቡ እንዳይሆን።

ይፈታ ወይስ እንዳለ ይውጣ?

ቁም ሣጥን ላይ የሰው ምክር ሁሉ «ፈትተህ ውሰደው» ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ የሚወስነው እንጨቱ ነው። የዋንዛ ቁም ሣጥን ከሆነ ይፍቱት። ብሎኑ ወጥቶ ተመልሶ ቢገባ ዋንዛ አይከፋውም፤ ሲፈታም ሁለት ሰው በቀላሉ ይሸከመዋል። ቺፕውድ ግን የተፈጨ እንጨት በሙጫ የተጣበቀ ነው። ብሎኑ አንድ ጊዜ ከወጣ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ይይዛል፤ ሦስተኛ ጊዜ በሩ ያዘነብላል። እርስዎ ጋ መንገዱ ሰፊና እርምጃው ጥቂት ከሆነ ቺፕውዱን እንዳለ በአራት ሰው ያውጡት፤ በሮቹ በገመድ ታስረው፣ መሳቢያዎቹ ወጥተው። መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ ምርጫ የለዎትም፣ ይፈታል። ግን ሥራውን አናጢ ይሥራው። ብሎኖቹ በፌስታል ታስረው በዚያው ቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ በፕላስተር ይለጠፉ። «ኪሴ ውስጥ ነው» ያለ ሰው ብሎን ይዞ ሲገኝ አላየሁም።

የብረት አልጋ ሁልጊዜ ይፈታ። ሶፋ ላይ ደግሞ ከመንገዱ በፊት የአዲሱን ቤት በር ይለኩ። ከቤት ውስጥ የተሠራ የሚመስል ሶፋ በር ላይ ቆሞ አይቻለሁ፤ መስኮቱን ነቅለው አስገቡት።

ፍሪጅ ቆሞ ይሂድ። ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈስሳልና፣ አዲሱ ቤት ደርሶ ቆሞ ሰዓታት ሳይቆይ አይሰካም፤ ረጅም ጊዜ ተጋድሞ ከነበረ እስከ ማግስቱ ይቆይ። አንድ ቀን ቀድመው ነቅለው በረዶውን ያቅልጡት፤ አለበለዚያ ውሃው በጫኙ አንገት ይወርዳል።

ባጃጅ፣ ፒክአፕ ወይስ አይሱዙ?

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ፤ ሁሉም የሚጀምርበት፣ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሁት።

ባጃጅ ለአንድ ክፍል ተከራይ፣ በተለይ ለተማሪና ለላጤ ይበቃል። አልጋው ካልተጨመረ በሦስት ወይም በአራት ምልልስ ያልቃል፤ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድም የተወሰነ ርቀት ዘልቆ እርምጃውን ይቀንሳል። ጉዳቱ በሁለቱም ጫፍ ሰው ያስፈልገዋል። ዕቃው መንገድ ላይ ብቻውን ከቀረ ምልልሱ ሲያልቅ ዕቃውም ሊጎድል ይችላል። ዳገቱ ከበረታና ጭነቱ ከከበደ ደግሞ ባጃጁ ቆሞ ሾፌሩ እንደሚያይዎ ይወቁ።

አይሱዙ ሁለት ክፍልና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ የምመርጠው ነው። ትንሹ አይሱዙ እንኳ ከ30 ኩንታል በላይ ይጭናል፤ የአንድ ተራ ቤተሰብ ዕቃ ክብደት እዚያ አይደርስም። የሚሞላው ቦታው ነው እንጂ አቅሙ አይደለም። ስለዚህ የሚከፍሉት ለኪሎ ሳይሆን አንድ ጊዜ ሄዶ ለመጨረስ ነው። ጉዳቱ የሚጫንበት ቦታ ከመሬት ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ከታች የሚያቀብልና ከላይ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። ደግሞም ጠባብ መንገድ ገብቶ መዞር አይችልም። እርምጃ የመቁጠሩ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሾፌሩ ስልክ ላይ «እገባለሁ» ይላል፣ መጥቶ ሲያየው አስፋልቱ ላይ ይቆማል። ተመላልሰው እንዳይጣሉ፣ ከተስማሙ በኋላ ሳይሆን ከመስማማትዎ በፊት ቦታውን ያሳዩት።

ፒክአፕ መሐል ላይ ነው፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ መጫኑ ይቀላል፣ ብዙ ቦታም ይገባል። ነገር ግን ሁለት ምልልስ ሲሆን ዋጋው ከአይሱዙው ጋር ይቀራረባል። ዕቃዎ ከአንድ ክፍል በልጦ ሁለት ካልሞላ ይያዙት። ጋሪ አዘዞ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ለሜዳ መንገድ ርካሽ ነው፤ ለመስታወትና ለቴሌቪዥን ግን አልመክርም።

ወደ ባሕር ዳር የሚዛወር ሰው 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋልና ሌላውን ትቶ አይሱዙ ይያዝ፤ በሸራ የተሸፈነ፣ በወፍራም ገመድ የታሰረ። ጭነት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ካገኙ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለዚህ ደግሞ ቀኑን እርስዎ ሳይሆኑ ሾፌሩ ነው የሚመርጠው።

ማን ይሸከም?

ዘመድ ወይስ ጫኝና አውራጅ? ዘመድ ገንዘብ አይቀበልም፣ ምሳ ግን ይበላል፤ ምሳውን የሚሠራው ድስት ደግሞ ታስሯል። ከሁሉ የሚከብደው ዘመድን «ቀስ በል» ማለት አለመቻሉ ነው። ጋሼ ሣጥኑን ወርወር ሲያደርጉት ምን ትያለሽ? ከ30 እርምጃ በታች ዘመድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሥራው የለመዱትን ይያዙ። ሲነጋገሩ በየዕቃው ሳይሆን በአጠቃላይ ይሁን፤ ማውረዱም መጫኑም፣ እስከ ክፍሉ ውስጥ ማስገባቱም የሚጨምር ስለመሆኑ በግልጽ ይነጋገሩ። «እስከ መኪናው» እና «እስከ ቤቱ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን እርምጃ ከሰዓት በኋላ መደራደር አይቻልም፤ ያን ጊዜ ዕቃው መንገድ ላይ ነውና የሚቸኩሉት እርስዎ ነዎት። በአካባቢው የተደራጁ ጫኞች ካሉ አስቀድመው ያናግሯቸው።

ቀኑን ሲመርጡ ሐምሌና ነሐሴን ከቻሉ ይዝለሉ። ካልቻሉ በጠዋት ይጀምሩ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚወርደው፣ ካርቶንም ወረቀት ነው። ቅዳሜ በገበያው ምክንያት ተሸካሚም መኪናም ይወደዳል። ከጥር 10 እስከ 12 ደግሞ ከተማው በሙሉ ታቦት ተከትሎ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስለሚወርድ ዕቃ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት አይሞከርም።

ጭነቱ ላይ መጨረሻ የሚገባው መጀመሪያ ይወርዳል። ስለዚህ የመጨረሻው ቦታ የፍራሹ፣ የውሃ ጄሪካኑ፣ የከሰል ምድጃውና የአንድ ማታ ቦርሳው ነው። ቦርሳው ውስጥ ክብሪት፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ መጥረጊያ ጨርቅ፣ የልጆች ልብስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ዳቦ፣ ስኳርና የተፈጨ ቡና ይግባ። ወርቅና ሰነድ ከእጅዎ አይውጣ።

ቁልፉን ከማስረከብዎ በፊት የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ብቻዎን ተመልሰው እያንዳንዱን ክፍል ይዩ፤ ከጣሪያው ሥር፣ ከምሰሶው ጎን፣ በተለይ ከተከፈተ በር ጀርባ። የእኔ ዘነዘና ሦስተኛው ቤት ከማዕድ ቤቱ በር ጀርባ ቆሞ ቀርቷል። ሙቀጫው አብሮኝ አለ፤ እስከ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት የምወቅጠው በጎረቤት ዘነዘና ነው።